መርሳ፦ ወደብ ወይስ መርሳት?

አረብኛ የሚያውቅ ሰው ካርታ ዘርግቶ "መርሳ" የሚል ስም ቢፈልግ ብዙ ያገኛል። ግብጽ ውስጥ መርሳ ማትሩህ አለ፣ መርሳ አለም አለ። ኤርትራ ውስጥ መርሳ ፋጡማ አለ። ሁሉም ባህር ዳር ናቸው፤ ምክንያቱም በአረብኛ "መርሳ" ማለት መርከብ መልህቁን የሚጥልበት ቦታ፣ በአጭሩ ወደብ ማለት ነው። ይኸው ሰው ጣቱን ወደ ሰሜን ወሎ ሲያመጣ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አንዲት ሌላ መርሳ ያገኛል፤ የሀብሩ ወረዳዋን። እዚህ መልህቁን የሚጥለው አይሱዙ ነው።

ከተማዬ ናት። ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ ስሟ "መርሳት" ከሚለው ቃል የአንዲት ፊደል ርቀት ላይ ነው። አዲስ አበባ አብረውኝ የተማሩ ልጆች "የመርሳ ልጅ ነኝ" ባልኳቸው ቁጥር "ምኑን ረስተህ መጣህ?" እያሉ አራት ዓመት ሙሉ አንዷኑ ቀልድ ደጋግመውብኛል። እንግዲህ ይህች ጽሑፍ ስለ ሁለቱም ትርጉም ናት። ውሃ ተሸክሞ ሩቅ አገር ስለሚያደርሰው ነገር፣ እኛም "ውሃ ወሰደው" ብለን ስለምንረሳው ነገር።

ባህር ዳር የሚያበጥሩ ሰዎች

ፈረንጆቹ አንድ ደስ የሚል ልማድ አላቸው። ማዕበል ባለፈ ማግስት በማለዳ ተነስተው፣ አሸዋው ላይ እያጎነበሱ ባህር የተፋውን ዕቃ ይለቅማሉ። ስሙ "ቢችኮምቢንግ" ነው፤ ባህር ዳርን ማበጠር እንደማለት። እዚህ ላይ የእኛ አማርኛ ከእነሱ ይበልጣል። እኛ ጸጉርም እናበጥራለን፣ እህልም እናበጥራለን። እነሱ የሚያደርጉት ደግሞ በትክክል ሁለቱንም ነው፤ አሸዋውን እንደ ጸጉር ያበጥሩታል፣ ያገኙትን እንደ እህል ከገለባው ይለዩታል።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ የዳክዬዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1992 "ኤቨር ሎረል" የተባለ የጭነት መርከብ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ማዕበል ገጠመውና የተወሰኑ ኮንቴይነሮች ወደ ባህር ወደቁ። አንደኛው ኮንቴይነር 28,800 የሕጻናት መታጠቢያ መጫወቻ ጭኖ ነበር፤ ቢጫ ዳክዬ፣ አረንጓዴ እንቁራሪት፣ ሰማያዊ ኤሊ፣ ቀይ ቢቨር። አሥር ወር አለፈ። ከዚያ አላስካ ውስጥ ሲትካ የምትባል ከተማ ዳርቻ ላይ የሚመላለሱ ሰዎች ዳክዬ መልቀም ጀመሩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሳቅ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ከርቲስ ኤብስማየር የሚባል የውቅያኖስ ተመራማሪ ግን ለቃሚዎቹን ተራ ነገር ጠየቃቸው። የት አገኛችሁ? መቼ? ስንት? መልሳቸውን ሰብስቦ ከባልደረባው ጋር የፓስፊክ ጅረት እንዴት እንደሚዞር ለማጥናት ተጠቀመበት። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 "ሃንሳ ካሪየር" ከተባለ መርከብ ከ60 ሺህ በላይ የናይኪ ጫማዎች ሲወድቁም ያደረገው ይህንኑ ነበር። የዚያ ጊዜ ለቃሚዎች ይበልጥ ያስቃሉ። ጫማው የሚደርሰው አንድ አንድ እግር ስለሆነ ገበያ አቁመው ግራውን በቀኝ ይለዋወጡ ነበር። ልዋጭ! ልዋጭ!

የባህሩ አሠራር ለመረዳት ከባድ አይደለም። ውቅያኖስ አይቆምም። ነፋስና የምድር መሽከርከር ተባብረው ውሃውን በሰፊ ክብ ያዞሩታል። የወደቀ ነገር ወይ እዚያው ክብ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ሲዞር ይከርማል፣ ወይ ከክቡ ጠርዝ ወጥቶ ማንም ያልጠበቀው አገር ዳርቻ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ወጣ ብሎ ከመርከብ የወደቁት 4.8 ሚሊዮን ገደማ የሌጎ ቁራጮች ዛሬም ድረስ እየተለቀሙ ናቸው። ፕላስቲክ ትዕግሥተኛ ነው።

እኔን ያስቀናኝ ግን ዕቃው አይደለም፤ መዝገቡ ነው። አንድ ሰው የማይረባ የፕላስቲክ ዳክዬ አንስቶ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋል። ከየት መጣህ ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ነው የባህር ዳር ለቃሚ የቆሻሻ ሰብሳቢ ብቻ ያልሆነው።

የእኛ ባህር ዳር

ሀብሩ ላይ ባህር የለም ብያችኋለሁ። ደራሽ ግን አለ።

ደራሽን ለማያውቅ የከተማ ልጅ ላስረዳ። መርሳ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰው ልብስ አስጥቶ ሳለ፣ ምዕራቡ ተራራ ላይ ዝናብ ይጥላል። እዚህ ጠብታ የለም። ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ከወንዙ ላይኛው በኩል የከባድ መኪና የሚመስል ድምፅ ይመጣል፤ ሰዎች "ደራሽ! ደራሽ!" እያሉ ይጮሃሉ፤ ከብት ያለው ከብቱን፣ ልጅ ያለው ልጁን ይጎትታል። ከዚያ ቡናማው ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ያልፋል። ሲጎድል ደግሞ ሰው ወደ ወንዙ ይወርዳል። እንጨት የሚለቅም አለ፣ አሸዋ የሚያወጣ አለ፣ ዝም ብሎ የሚያይ አለ። "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ስንል የምንተርተው በአባይ ነው እንጂ የእኛም ወንዝ ማደሪያ ሳይኖረው ግንድ ይዞ የሚዞር ነው። ለእናቶቻችን ያ ግንድ የሳምንት ማገዶ ነው። የእኛ ቢችኮምቢንግ ከድሮም ነበር ማለት ነው፤ ስም አላወጣንለትም እንጂ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ለእረፍት ወርጄ ከአክስቴ ልጅ ጋር በደረቀው የወንዙ ዳር ረዥም መንገድ ሄድን። አሥረኛ ክፍል ነው። እያጎነበስኩ ነገር ሳገላብጥ አይቶ፣

"ምን ጠፋብህ?" አለኝ።

"ምንም። ደራሽ ያመጣውን እየቆጠርኩ ነው።"

"ቆሻሻም ይቆጠራል እንዴ?"

ተቆጠረ። ከሁሉ የበዛው ሃይላንድ ነው፤ ከስልሳ በኋላ ቆጠራውን ተውነው። ፌስታል መቁጠር ደግሞ ከጅምሩ አይቻልም። ውሃው ከፍ ያለበት ድረስ እሾሁ ላይ ተሰክቶ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭ ሆኖ እንደ ሠርግ ቤት ጌጥ ተንጠልጥሏል። የማዳበሪያ ጆንያ፣ የጀሪካን ክዳን፣ የሕጻን ዳይፐር፣ መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ። አንድ የኮንጎ ጫማ፣ የግራ እግር። (ቀኙ ያላችሁ ካላችሁ ልዋጭ እንነጋገር።) እና ከድንጋይ ሥር አንድ ቀልሃ።

ቀልሃውን ልጁ አነሳው። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና "የክላሽ ነው" ብሎ ወረወረው። አልተጠራጠረም። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ ሲደርስ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። የሌላ አገር የአሥር ዓመት ልጅ የዳክዬና የሌጎ ዓይነት ይለያል፤ የእኛዎቹ የጥይት ዓይነት ለዩ። ከዚያ ጦርነት በኋላ በሰሜን ወሎም በአፋርም ልጆች ብረት መስሏቸው ያልፈነዳ ተተኳሽ አንስተው ሞተዋል፣ እጅና እግራቸውን አጥተዋል። ስለዚህ የእኛ አገር ለቃሚ ከፈረንጁ ለቃሚ የሚለየው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ስላለበት ነው፤ የማይነሳውን።

"ሃይላንድ" ቆላ ሲወርድ

"ታዲያ ይሄ ሁሉ የት የሚደርስ ይመስልሃል?" አልኩት።

"ባህር ነዋ!"

ወንዝ ባህር እንደሚገባ የማያውቅ ተማሪ የለም። የእኛ ግን አይገባም። ሀብሩን በደቡብ በኩል ከደቡብ ወሎ የሚለየው ሚሌ ነው፤ በሰሜን በኩል ከቆቦ የሚለየው አላውሃ ነው። ሁለቱም ጀርባቸውን ለተራራው ሰጥተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ይወርዳሉ። ሚሌ ከአዋሽ ይገናኛል። አዋሽ ደግሞ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ ተንዳሆንም አሳይታንም አልፎ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ድረስ የሚቀረው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ድረስ ሄዶ፣ የባህሩ ሽታ ሊደርሰው ሲል ፀሐይ ጠጥታው ይቀራል።

ከወልድያ ወደ ላይ፣ ድልብን አልፋችሁ መቄት ስትወጡ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የዘነበው ዝናብ አንዱ በተከዜ፣ ሌላው በበሽሎና በአባይ በኩል ወደ ሱዳን ይሄዳል። መቄት ላይ የተጣለ ሃይላንድ በካርታ ላይ ሜዲትራኒያን የመድረስ ተስፋ አለው፤ የተከዜን 188 ሜትር ግድብ፣ የሱዳንን ግድቦች፣ በመጨረሻም አስዋንን መዝለል ከቻለ። የእኛ የሀብሩው ግን ያን ያህል ተስፋ እንኳ የለውም። አገር ውስጥ የሚቀር ስደተኛ ነው።

ስሙን ደግሞ አስተውሉት። የፕላስቲክ ጠርሙስን በሙሉ "ሃይላንድ" የምንለው በአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነው፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ "ደጋ" ማለት ነው። እናላችሁ፣ በየክረምቱ "ደጋ" የሚባል ነገር ከደጋ ተነስቶ ቆላ ይወርዳል። የደጋ ሰው ለቆላ ሰው የሚልከው ስጦታ መሆኑ ነው።

የሚቀበለው ማን ነው? የአፋር አርብቶ አደር ነው። ደራሹ ወርዶ ሜዳው ላይ ሲበተን ውሃው ሣር ያበቅላል፤ ከሣሩ መካከል ደግሞ ፌስታል ይቀራል። ፍየልና ግመል ሣሩን ሲግጡ ፌስታሉንም ይውጡታል። ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ እየተጠቀለለ ኳስ ያክላል፤ ከብቱ የጠገበ እየመሰለው በረሃብ ይሞታል። ባለቤቱ ሆዱን ሲከፍት የሚያገኘው እኛ ሽንኩርት የገዛንበትን ነው። ከአፋር ጋር በጨው፣ በቅቤ፣ በከብት የተገበያየን ጎረቤቶች ነን፤ አንዳንዴም በግጦሽና በውሃ ተጣልተን በሽማግሌ የታረቅን። በፌስታል ግን ማንም ሽምግልና ተቀምጦ አያውቅም።

ሕግ የለም አይባልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በየሱቁ የነበረው ፌስታል ግን አዋጁን ያነበበ አይመስልም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ጥሩ ነው። ችግሩ ደራሽ የሚወርደው አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተጣለውንም ይዞ መሆኑ ነው።

ባህር የላከልን

ፍትሐዊ ለመሆን ባህሩም ለእኛ የላከው አለ።

አያቴ አንገቷ ላይ ከምታስረው ክር ሦስት ዛጎል ነበራት። በልጅነቴ ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። ዛጎል ግን የባህር ቀንድ አውጣ ቤት ነው፤ ብዙው ከሕንድ ውቅያኖስ የሚለቀም ሲሆን፣ በተለይ የማልዲቭ ደሴቶች ለዘመናት ወደ እስያና አፍሪካ ሲልኩት፣ በብዙ አገር እንደ ገንዘብም ሲያገለግል ኖሯል። አንድ ሰው ከስንት መቶ ዓመት በፊት ሩቅ ዳርቻ ላይ አጎንብሶ ያነሳት ነገር በነጋዴ ከእጅ እጅ ስትተላለፍ ወሎ ተራራ ላይ የአንዲት ባልቴት አንገት ደረሰች። ዳክዬዎቹ አሥር ወር ቢፈጅባቸው ምን ይደንቃል!

ጨውም አለ። ደናክል ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባህር ገብቶበት ተመልሶ የደረቀ ሜዳ ነው። ባህሩ ሄደ፣ ጨው ትቶ። ያንን ጨው ሰው እየቆረጠ አሞሌ አደረገው፣ በግመል ጭኖ ደጋ አወጣው፣ ገንዘብ አድርጎ ዕቃ ገዛበት። የባህር ትራፊ ኪስ ውስጥ ይዞ የዞረ ሕዝብ ነን።

ከዚያ ደግሞ ሳልባጅ መጣ። በባህር ሰዎች ቋንቋ "ሳልቬጅ" ማለት አደጋ ከደረሰበት መርከብ የሚተርፍ ዕቃ ነው። የእኛ ሳልባጅ ደግሞ ፈረንጅ ለብሶ የተወው፣ በቦንዳ ታስሮ፣ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣው ልብስ ነው። ሁለቱ ቃላት እንዴት እንደሚመሳሰሉ ጆሮአችሁ ይፍረድ። ወልድያ ገበያ ውስጥ የሳልባጅ ክምር ላይ አጎንብሳ ጃኬት የምታገላብጥ ልጅ አይታችሁ ከሆነ፣ ኦሪገን ዳርቻ ላይ ናይኪ ከሚፈልገው ሰውዬ የምትለየው እግሯ አሸዋ ላይ ባለመሆኑ ብቻ ነው።

ቆራሌውስ? "ቆርቆሮ ያለው!" ከሚለው ጥሪው ስሙን ያወጣው ሰውዬ ሁላችንንም የሚበልጥ ለቃሚ ነው። ሌላው የጣለውን በኪሎ ያውቀዋል። ሃይላንዱን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ፣ አልሙኒየሙን ለብቻ ያበጥራል። ወንዛችን ዳር ላይ ከስልሳ በላይ ሃይላንድ የቀረው ቆራሌው እዚያ ድረስ ወርዶ፣ ለቅሞ፣ ወደሚገዛው ሰው አጓጉዞ የሚያገኘው ሳንቲም ድካሙን ስለማይመልስለት ነው። ሃይላንድ ዋጋ ካለው ቦታ ላይ ወድቆ አያድርም፤ አዲስ አበባ የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ዋጋ ያለው ነገር ይቆጠራል፣ የተቆጠረ ነገር አይረሳም። ቀላል ሒሳብ ነው። ለዕቃ ሲሆን።

ወንዙ ካለቀበት ወዲያ

አሁን ወደ ከበደው ልምጣ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓንን የመታው ሱናሚ ሲመለስ ብዙ ነገር ጠርጎ ወደ ውቅያኖስ ወሰደ። በዓመቱ አላስካ ውስጥ ሚድልተን በሚባል ደሴት አንድ ሰው ኳስ አገኘ። ኳሱ ላይ በጃፓንኛ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ባለቤቱ ጃፓናዊት ስለሆነች አነበበችለት። ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወዲያ ቤቱን ውሃ የወሰደበት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ኳስ ነበር። ኳሱ ለልጁ ተመለሰለት። በዚያው እ.ኤ.አ. 2012 ካናዳ ዳርቻ ላይ አንድ የዛገ ሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ብስክሌት ተገኘ። በታርጋው ባለቤቱ ታወቀ። ሰውዬው በሱናሚው ቤተሰቡን ያጣ ነበርና፣ ሞተሩ ታድሶ ይመለስልህ ሲባል አይሆንም፣ ለሞቱት መታሰቢያ ይሁን አለ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በኩባንያው ሙዚየም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 239 ሰዎችን ይዞ የጠፋው የማሌዥያ አውሮፕላንም የመጀመሪያ ስብርባሪ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ሬዩንዮን ደሴት ዳርቻ የሚያጸዱ ሠራተኞች አንድ የክንፍ ክፋይ አገኙ፤ ተመርምሮ የዚያው አውሮፕላን መሆኑ ተረጋገጠ።

ኳስ ስም ነበረው። ሞተር ታርጋ ነበረው። አውሮፕላን የየክፍሉ ቁጥር ነበረው።

ሰሜን ወሎ ባህር የለውም፤ ባህር የወሰደው ሰው ግን አለው። ከመርሳ፣ ከወልድያ፣ ከሀብሩ ገጠር የሚነሱት ወጣቶች መንገዳቸው በመጀመሪያ የደራሹ መንገድ ነው፤ ወደ ሚሌ፣ ወደ ሎጊያ፣ ወደ አፋር በረሃ። ወንዙ ካለቀበት ወዲያ ደግሞ እነሱ ይቀጥላሉ። ጅቡቲ፣ ታጁራ፣ ኦቦክ። ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ሲሳካ ሳዑዲ። ሥራ ማጣት የገፋው አለ፣ መሬት ማጣት የገፋው አለ፣ ጦርነቱ የገፋው አለ። ከልባችን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ፣ ወንድሙ ከሳዑዲ ልኮ ያሠራው የጎረቤት ቆርቆሮ ቤት የገፋውም አለ።

በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ደላሎች ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎችን ከየመን ሸብዋ ዳርቻ ራቅ ብለው ባህር ውስጥ አስገድደው ጣሏቸው። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይ.ኦ.ኤም.) ሠራተኞች ዳርቻውን ሲቃኙ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ የተቀበሩ 29 አስከሬኖች አገኙ፤ የቀበሯቸው የተረፉት ጓደኞቻቸው ነበሩ። የተሳፋሪዎቹ አማካይ ዕድሜ 16 ገደማ ነበር፤ የዚያ የኳሱ ልጅ እኩያ። በጥር 2011 ዓ.ም. ኦቦክ አጠገብ ጎዶሪያ ላይ ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰው አለቀ። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ 38 ሰው ሞተ፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሌላ ጀልባ ተገልብጦ ከ20 በላይ ሞተ። እነዚህ እንኳ ከየመን ወደ አገራቸው እየተመለሱ የነበሩ ናቸው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነ ጀልባ ከየመን አቢያን ግዛት ዳርቻ ሰጠመ። ከ60 በላይ ሞቱ፤ ብዙዎች የደረሱበት አልታወቀም። ቀናት ሙሉ ማዕበሉ አስከሬን ወደ ዳርቻው ሲያወጣ፣ የአካባቢው ሰው እያነሳ ሲቀብር ነበር።

የባህር ዳር ለቃሚዎቹ እነሱ ናቸው። የማያውቁትን የሰው ልጅ አንስተው፣ አጥበው፣ ቀበሩልን። ፈጣሪ ይስጣቸው። ግን ስሙ ማን ነው? ከየት ነው የመጣው? ሀብሩ ይሁን፣ ሐረርጌ ይሁን፣ ጅማ ይሁን፣ በምን ይወቁት?

አንዲት ጎረቤታችን አሉ። ልጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከኦቦክ ነው፤ "ዛሬ ማታ እንሻገራለን" ብሎ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። አላለቀሱም፤ ሬሳ የለማ። ሰደቃ አላወጡም፤ ሞተ ያላቸው የለማ። የመን እስር ቤት ነው የሚል ወሬ ይመጣል፣ ሳዑዲ ገብቷል የሚል ይመጣል፣ ገንዘብ ላኩና እናስፈታው የሚል አጭበርባሪም ይመጣል። በዚህ ክረምት ቡና ጠርተውኝ፣ ከልጁ ጋር ወንዝ ዳር ስንዞር የዋልነውን ሰምተው ኖሮ፣ ሁለተኛውን ሲቀዱልኝ፣

"ይሄ ወንዛችን እዚያ ባህሩ ድረስ ይደርሳል?" አሉኝ።

"አይደርስም እትዬ። አፋር ላይ ያልቃል።"

ዝም ብለው ስኒውን አቀበሉኝ። ቆይተው፣ "ወንዙ ያልደረሰበት ደረሰ በለኛ!" አሉ።

ምን ይመለሳል?

ስለዚህ ምን እናድርግ

እኔ "አትሂዱ" የሚል ጽሑፍ መጻፍ አልፈልግም። በወር ደመወዝ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ሥራ ላጣ የሀብሩ ልጅ "አትሂድ" ማለት ይቀላል። ያም ሆኖ የሚሄድ ካለ ልክ እንደዚያ ኳስ ይሁን። የቤተሰብ ስልክ በወረቀት አይደለም፤ ወረቀት ውሃ ይበላዋል። ሱሪው መቀነት ውስጥ፣ ሸሚዙ አንገትጌ ውስጥ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፣ ወይ በክር ይጠለፍ። እናቶቻችን ትራስ ልብስ ላይ "መልካም እንቅልፍ" ጠልፈው አያውቁም? ቁጥርም መጥለፍ ይችላሉ። ይህን ስል እንደሚያም አውቃለሁ። ልጄ ይሞታል ብዬ ልጥለፍ እንዴ የምትል እናት ትኖራለች። ግን አሥር ዓመት ሙሉ ሳያለቅሱ ከመቀመጥ የባሰ የለም።

ቤተሰብ ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት እንዳለው ይወቅ። ስም፣ ፎቶ፣ መጨረሻ የደወለበት ቀንና ቦታ ይመዘገባል። ለደላላ የሚላክ ገንዘብ አይደለም፤ ነጻ ነው። እናንተ ከተማ ያላችሁት፣ ስልክ መነካካት የምትችሉት፣ ክረምት አገር ቤት ስትወርዱ አንድ ቤት ገብታችሁ ይህን ብቻ ብታስረዱ ትልቅ ነገር ነው።

ሃይላንዱንም አልረሳሁትም። እሱን ከስልሳው ላይ ትተነው ነበር፤ ልጁ ግን ቆጠራው ጥሞታል። የትምህርት ቤታቸውን ልጆች ይዞ ከደራሽ በኋላ ሊለቅም፣ ለቆራሌውም ሊሸጥ አስቧል። ብረት እንዳትነኩ ብዬዋለሁ። "እሱን እኔ ላንተ ልንገርህ" አለኝ፤ እውነቱን ነው። ለቅመው ቢጨርሱ የአፋር ፍየል ይተርፋል። ባይጨርሱም፣ ቢያንስ ውሃ የወሰደው ሁሉ የሆነ ሰው ደጅ ላይ እንደሚያርፍ ያወቁ ልጆች ይኖሩናል።

አዲስ አበባ ያላችሁ የድሮ የክፍል ጓደኞቼ፣ ያችን ቀልድ እንደገና ብታነሱብኝ መልሴ ይህ ነው፦ የመርሳ ልጅ ነኝ፤ ስም ቆጥሬ መጥቻለሁ።